ወንድሜ በስሜ ያቀረበው ክስ ውድቅ እንዲደረግልኝ

ቀን፦ ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም

ለሆስፒታሉ የቅሬታ መርማሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የዶ/ር በርሄ እገዳ እንዲነሳ ስለመጠየቅ

እኔ ኑሰይባ የሲን፣ ፒያሳ በታላቅ ወንድሜ በዑዘይር የጨርቅ ሱቅ የምሠራ፣ የሚከተለውን በትሕትና አመለክታለሁ።

1. መንጋጋዬ ተሰብሮ መገጣጠሚያው ስለደረቀ፣ ለዓመታት አፌ ከማንኪያ ጫፍ በላይ አይከፈትም ነበር። ዶ/ር በርሄ መገጣጠሚያውን አውጥተው ሰው ሠራሽ ተኩልኝ። አስቀድመውም፣ «በጣም ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚደርሰው፤ ግን የተጎዳ ደም ሥር ከሳምንታት በኋላ ሊፈነዳ ይችላል። ጆሮሽ ሥር ትር ትር የሚል እብጠት ካየሽ ሳትውዪ ሳታድሪ ነይ» ብለውኛል። ወንድሜም አጠገቤ ሆኖ ሰምቷል።

2. እብጠቱ ሲወጣ ለወንድሜ ነገርኩት። «ስፌቱ ነው፤ ሱቁን ማን ይጠብቃል?» ብሎ አስቀረኝ። በማግስቱ ቸርችል ጎዳናን ስወርድ ደም ከጆሮዬና ከአፌ ገነፈለ። መንገደኞች ተሸክመው ሆስፒታሉ አደረሱኝ።

3. ዶክተሩ ጆሮዬ ሥር በሁለት እጃቸው ተጭነው ደሙን ያዙ። ወንድሜ በሩን በርግዶ ገባና «ገደልካት» እያለ ማጅራታቸውን መታቸው፤ ሲዞሩ ፊታቸውን ደገማቸው። እጃቸው ሲለቅ ደሜ ግድግዳው ላይ ተረጨ። ሲስተር እፀገነት ዘልላ ባትጫነኝ ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። ዶክተሩ አፍንጫቸው እየደማ ተመልሰው ያዙኝ፤ በብሽሽቴ በገባ ቀጭን ቱቦ ደም ሥሩ እስኪደፈን ድረስም ከአጠገቤ አልራቁም።

4. እኔ ገና ሳልነቃ ወንድሜ «እህቴን አረዳት» ሲል በስሜ አመለከተ። ዶክተሩም ታገዱ።

5. መንጋጋዬ እንዴት እንደተሰበረ ሐኪም በጠየቀኝ ቁጥር «ከደረጃ ወድቄ ነው» ስል ኖሬያለሁ። አልወደቅሁም። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ አንድ የሰፈር ልጅ እስከ በር ሸኘኝ። ዑዘይር አይቶ በጡጫ መንጋጋዬን መታኝ፤ መሬት ላይ እንዳለሁም በጫማው ረገጠኝ። እናታችን «ወደቅሁ በይ» አለችኝ፤ አልኩ።

ስለዚህ በስሜ የቀረበው ክስ ውድቅ ሆኖ የዶክተሩ እገዳ እንዲነሳ፣ እኔም በኮሚቴው ፊት ቀርቤ ቃሌን እንድሰጥ እንዲፈቀድልኝ እጠይቃለሁ። በእኔም በእሳቸውም ላይ ስለደረሰው ድብደባ ለፖሊስ አመልክቻለሁ።

ከወንድሜ ቤት ወጥቼ አፍንጮ በር ወ/ሮ ከዲጃ ዘንድ ተጠግቻለሁ። መጥሪያው በእሳቸው በኩል ይድረሰኝ። ወንድሜ እየፈለገኝ ስለሆነ፣ ያለሁበት እንዳይነገረው አደራ እላለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
(ፊርማ)
ኑሰይባ የሲን