ጋሽ ጥሩሰው የመጡበት እሑድ

ሆሳዕና፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ወንድሜ ለአጵሎስ፤

ይህን ደብዳቤ ከጋሽ ዋለ እጅ ስትቀበል እማ ማረፏ ተነግሮሃል። ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲመለሱ አደራ ያልኳቸው እንዲህ ብዬ ነው፦ የኅብረታችሁን ሰዎች ይዘው በጠዋት ይምጡ፣ ይንገሩህ፣ እህል ቢጤ ያስቀምሱህ፣ ደብዳቤውን ከዚያ በኋላ ይስጡህ። ምንም ሳትቀምስ ከሆነ የምታነበው፣ መልሰህ አጣጥፈውና መጀመሪያ ብላ።

አልተሰቃየችም። ሐሙስ ከሰዓት ጓሮ እንሰት ስትፍቅ ቆይታ ደከመኝ ብላ ገባች፣ ጋደም አለች፣ በቃ። ዓርብ ቀበርናት። በስልክ እንዳይነገርህ የወሰኑት አጎታችን ሆሴዕና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ናቸው። "ልጁ ሱቅ ውስጥ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ብቻውን ነው የሚውለው፣ ሲወድቅ ማን ይይዘዋል?" አሉ። እውነታቸውን ነው። የሰፈሩ ወጣት ሁሉ ፌስቡክ ላይ እንዳይለጥፍ ተነገረው። እኔም እሺ አልኩ። ያን ሰሞን ለሁሉም ነገር እሺ ነበር የምለው።

የምጽፍልህ ግን ስለዚያ እሑድ ነው፤ ጋሽ ጥሩሰው ስለዘመሩልህ እሑድ። በደወልክ ቁጥር የምታነሳብኝ እሱን ስለሆነ፣ እንዴት እንደነበረ ከእኔ እንድትሰማ እፈልጋለሁ።

ለጉባኤ ሆሳዕና መጥተው ነበር። ሽማግሌዎቹ ለቀስተኛውን ያጽናኑ ብለው ወደ ድንኳናችን ይዘዋቸው መጡ። የካሴቱ ጥሩሰው፣ አጵሎስ! አንተ ማማሰያ እንደ ማይክ ጨብጠህ እሳቸውን ስትሆን፣ እኔ ኳየሩን ስሆን፣ እማ "አንተ ልጅ፣ ማማሰያዬን!" እያለች የምታሳድድህ። ረጅም ናቸው እያልክ ስትከራከረኝ አልነበር? አጭር ናቸው። ትከሻዬ ላይ ቢደርሱ ነው፤ ካፖርታቸውም ሰፍቷቸዋል። እጄን ይዘው "እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ" አሉኝ። ምንም አልተሰማኝም። ልጅ ሆኜ ያን ቀን ስንት ጊዜ አልሜዋለሁ፤ ሲደርስ ግን የማስበው ለእንግዶቹ ብርጭቆ ይበቃ እንደሆነ ነበር። ውሃ ሰጠኋቸው፣ ንፍሮ አቀረብኩላቸው፣ ወደሌላው ሰው ዞርኩ።

ያኔ ደወልክ።

አጎታችን በእጃቸው "ተዪው" አሉኝ። ካላነሳሁ ደግሞ ለጎረቤታችን ለሃቢባ እንደምትደውል አውቃለሁ፤ ሃቢባ ድምፅህን ከሰማች አትችለውም። አነሳሁ። ስልኬ በስፒከር ካልሆነ እንደማይሰማ ታውቃለህ። ድንኳኑ ሁሉ ጸጥ አለ።

"ጵርሴ፣ የምን ጫጫታ ነበር?"

"እንግዶች አሉብን።"

"የምን እንግዳ?"

ምን ልበልህ? ዞር ስል ዓይኔ እሳቸው ላይ አረፈ። "ጋሽ ጥሩሰው" አልኩህ። የምነግርህ ሌላ እውነት አልነበረኝም።

"ዘማሪው? አትቀልጂ! ቤታችን? ኧረ በኢየሱስ ስም! ካሜራውን ክፈቺው!"

ኔትወርኩ አይችልም አልኩህ።

"እሺ አገናኚኝ፣ በእናትሽ አገናኚኝ!"

እንዲያ ስትል አንዷ ሴት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። ስልኩን ሰጠኋቸው። አንተ ትንፋሽ ሳትወስድ ካሴቱን ነገርካቸው፣ ማማሰያውን ነገርካቸው። "እማ እንሰት ስትፍቅ የመንገደኛውን መዝሙር ሳትዘምር ውላ አታውቅም። አጠገብዎ ናት?" አልካቸው።

ጋሽ ጥሩሰው አዩኝ። "ቤቷ ነው ያለሁት፣ ልጄ" አሉህ።

"እንግዲያው እሱን ይዘምሩላት። እኔም ልስማ።"

ዘመሩ። ድምፃቸው የካሴቱ ድምፅ አይደለም፤ አንተም ሳታውቀው አልቀረህም። ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ተሰበረባቸው፣ ቆም ብለው መልሰው ያዙት። ወንዶቹ አቀርቅረው፣ ሴቶቹ አፋቸውን ይዘው፣ ያ ሁሉ ለቀስተኛ አንተ እንዳትሰማ ለቅሶውን ዋጠው። እኔ የምውጠው እንኳ አልነበረኝም። ትሪ ይዤ ቆሜ ነበር።

ሲጨርሱ "አሜን!" አልክ። ድንኳኑ ሁሉ አሜን አለ።

ሳቅክ። "ስንት ሰው ነው የጠራችሁት? ሠርግ አደረጋችሁት እኮ!" ቀጥለህ ደግሞ፣ "እማ ሰማች?"

"ሰምታለች" አልኩህ።

ከዚያ ወዲህ ባሉት እሑዶች አንዴ ቤተ ክርስቲያን ናት፣ አንዴ ተኝታለች እያልኩ እዚህ ደረስኩ። ጋሽ ጥሩሰው ሲወጡ "የሰማ ዕለት ይቅር እንዲለኝ ንገሪልኝ፤ ደስታውን ልነጥቀው አቃተኝ" ብለውኝ ነበር። ይኸው ነገርኩህ። ስለ እኔ አንተ ታውቃለህ።

የምፈራው አንድ ነገር ነው። ከእንግዲህ ያን መዝሙር ስታስብ የተታለልክበት ቀን ብቻ እንዳይሆንብህ። አላታለልንህም አልልህም። ግን የእናትህ ለቅሶ ላይ ያልነበርክ እንዳይመስልህ። ነበርክ። ጋሽ ጥሩሰውን ያስዘመርክላት አንተ ነህ፤ እኔ አጠገባቸው ቆሜ ይዘምሩላት ማለት እንኳ አልመጣልኝም። ያን ሁሉ ሰው አሜን ያሰኘኸውም አንተ ነህ።

እኔ እስካሁን አላለቀስኩም። መጀመሪያ ላይ ድምፄ ከተዘጋ ታውቅብኛለህ ብዬ ያዝኩት፤ አሁን ልልቀቀው ብል አልመጣ አለኝ። ሰው ብርቱ ነሽ ይለኛል። ብርታት አይደለም፣ ምን እንደሆነ ግን አላውቀውም። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራ እሄዳለሁ።

የእማ አምላክ መውጫ መግቢያህን ይጠብቅ፤ በሰው አገር አይዞህ የሚልህ ሰው አያሳጣህ። እንደ ወትሮህ እሑድ ደውል። እማን አገናኚኝ አትለኝም እንግዲህ። ምንም አትበለኝ፤ ዝም ብለህ አልቅስና ልስማህ።

እህትህ ጵርስቅላ