ስለ ካርድ ቁጥር 1040 እና ስለ ጃንጥላዬ

ለተከበሩ የሆስፒታሉ መዝገብ ክፍል ኃላፊ

እርስዎም ቤተሰብዎም፣ በተለይ ደግሞ ዓይኖችዎ፣ ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ።

አስቀድሜ አንድ ወሬ ላርም። ባለፈው ሰኞ አንዲት አሮጊት የክፍልዎን ኮምፒውተር በጃንጥላ መታች ተብሎ እስከ ሰፈራችን ዳቦ ቤት ድረስ ተወርቷል። አሮጊቷ እኔ ነኝ፤ መምታቱ ግን ውሸት ነው። መስታወቱን ሳልነካ በጃንጥላዬ ጫፍ አንድ መስመር ጠቁሜያለሁ። የትኛውን መስመር እንደሆነ አውሪዎቹ መጨመር ስለረሱ ከታች እጽፈዋለሁ።

ጉዳዬ የታናሽ ወንድሜ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ሰዓት ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። አንዱ ዓይኑ ጠፍቷል፤ ሁለተኛው ይህ ወር ሳያልቅ ቀዶ ሕክምና ካላገኘ እንደማይተርፍ ሐኪሙ ጽፎለታል። አስራ አራት ወር ወረፋ ጠብቆ፣ የተራ ዝርዝሩ ግድግዳችሁ ላይ ሲለጠፍ ስሙ የለም። ዝርዝሩ የሚዘጋው ዓርብ ነው። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤

1. የታካሚዎችን መዝገብ፣ የምርመራውን ውጤትና የወረፋውን ፋይል በካርድ ቁጥር አዛምዳችሁ በአንድ መስመር የኮምፒውተር ትዕዛዝ ስላጣመራችሁ አመሰግናለሁ። በቤተ መጻሕፍት ሠላሳ አንድ ዓመት የማውጫ ካርድ ስደረድር እንዲህ ያለ ፍጥነት አላየሁም። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ሲባል ነበር የምናውቀው፤ እናንተ መልቀሙን ትታችሁ ተረቱን አሳጠራችሁት።

2. የትዕዛዙን መመሪያ የእህቴ ልጅ አትማልኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ፋይሎቹ ሁሉ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል እንዲደረደሩለት ይፈልጋል፤ ከላይ ወደ ታች እያነጻጸረ ይወርዳል እንጂ ወደ ኋላ አይመለስም። የእናንተ መዝገብ በቁጥሩ ትልቅነት ስለተደረደረ 97 ይቀድማል፣ 1040 ይከተላል። የወረፋው ፋይል ግን እንደ ፊደል በመጀመሪያው አሃዝ ስለተደረደረ 1040 ከ97 በላይ ተቀምጧል። ትዕዛዙ ከመዝገቡ 97ን ይዞ ወረፋው ላይ 1040ን ሲያገኝ፣ አቻ የለውም ብሎ አለፈው። መዝገቡ 1040 ላይ ሲደርስ ደግሞ ወረፋው ላይ ያለውን 1040 ትዕዛዙ አልፎት ሄዷል። 1040 የወንድሜ ካርድ ነው። በእኛ ጊዜ 97 እና 1040ን በሁለት ዓይነት ተራ የደረደረ ተማሪ ሰሌዳው ሥር ቆሞ ይውል ነበር፤ በእርስዎ ክፍል ተሽከርካሪ ወንበር ይሰጠዋል።

3. ባለሙያዎ «እማማ፣ ማሽን አይሳሳትም» ብለው በትዕግሥት ስላስረዱኝ አመሰግናለሁ። እውነታቸውን ነው። በጃንጥላዬ የጠቆምኩት መስመር፣ ፋይሉ በሥርዓት አልተደረደረም ብሎ ማሽኑ ራሱ የጻፈው ማስጠንቀቂያ ነበር። ባለሙያዎ ግን «እሱ ሁልጊዜ እንዲህ ይላል፣ አይስሙት» አሉኝ። በዚያ ክፍል እውነቱን የተናገረው ማሽኑ ብቻ ሲሆን፣ እሱም ሰሚ አላገኘም።

4. ወረፋ የያዘው ሰው 2316 እንደሆነ ራሳችሁ በር ላይ ለጥፋችኋል፤ ዝርዝሩ ላይ ያለው 1874 ነው። አራት መቶ አርባ ሁለት ሕሙማንን ያለ መድኃኒትና ያለ ቢላ ከሕመምተኝነት ስላሰናበታችሁ፣ ሐኪሞቹ ከእናንተ ሊማሩ ይገባል።

ውድ ጊዜዎን በመሻማቴ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለዘመናዊ አሠራራችሁ ከሚገባው አክብሮት አንዲት ስንዝር ሳልጨምር እሰናበታለሁ።

የካርድ ቁጥር 1040 ታላቅ እህት

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ነገ ከሁሉ አስቀድሜ ወንድሜን ቁርስ አበላለሁ። ቀጥዬ በራችሁ ሳይከፈት ደጃችሁ እቆማለሁ። ከባለሙያዎ ጎን ተቀምጬ ሦስቱም ፋይሎች በአንድ ዓይነት ተራ ሲደረደሩ እመለከታለሁ። ከወረፋው ውስጥ በተለጠፈው ዝርዝር ላይ አቻ ያጡትን ብቻ እንዲያወጣ ትዕዛዙ ላይ የሚጨመረውንም ምልክት በወረቀት ጽፌ እሰጣቸዋለሁ። የሚወጡትን አራት መቶ አርባ ሁለት ስሞች በዝርዝራችሁ አጠገብ እለጥፋለሁ፤ ማጣበቂያ ከቤቴ ይዤ እመጣለሁ። ዝናብ ቢጥልም ጃንጥላዬን አልይዝም፤ ማስጠንቀቂያው ዳግም ከመጣ በጣቴ አሳያለሁ።