አጀቡን እንዳታስቆርጥ

እሑድ፣ ጥር 14 ቀን 1998 ዓ.ም.

ያጨበጨቡልኝ እግሬን አይተው ነው እንጂ ንግግሬን ሰምተው አይመስለኝም። ቢሆንም ደስ ብሎኛል። ሃያ ስድስት ልጆች፣ ከአሥራ ስድስት እስከ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ሁሉም ሞባይል በእጃቸው፣ አንድም ያንቀላፋ የለም። በሰንበት ትምህርት ቤታችን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መምህር ዳንኤል ራሱ ቀንቶብኛል።

የጠራኝ እሱ ነው። የፊታችን እሑድ የእትዬ ዘነበች ልጅ የራሔል ሰርግ አለ። በመኪናው አጀብ ላይ ከሚነዱት አራቱ መንጃ ፈቃድ ካወጡ መንፈቅ እንኳ አልሞላቸውም። አንዷ አብራኝ የምትኖረው የእህቴ ልጅ ሊያ ናት። መምህር ዳንኤል «ከአደጋ የተረፍሽው አንቺ ነሽ፣ አንቺን ይሰሙሻል» አለኝ። ፀጉር ሠሪዋ ፋንታዬ ከመባል ከፍ ይላልና እሺ አልኩ።

የነገርኳቸው ይህን ነው፦

የዛሬ ሦስት ዓመት፣ የጓደኛችን ሰርግ። እዚሁ ናይሮቢ፣ ከላቪንግተን ሰፈር ወደ አዳራሹ እየወረድን።
ሹፌሩ ሳምሶን። እኔ ከጎኑ። ከኋላ ሁለት ሚዜዎች።
አንድ ማታቱ ሚኒባስ አጀቡ መሃል ሊገባ ሲል ሳምሶን ነዳጅ ረገጠ። ከፊታችን ያለው መኪና ፍሬን ያዘ። ሳምሶን ሊያመልጠው ሲጠመዝዝ ከስልክ እንጨት ጋር ተላተምን። በእኔ በኩል።
ማንም አልሞተም። ሚዜዎቹ ተፈነካከቱ፣ የሳምሶን ክንድ ተሰበረ፣ የእኔ ዳሌና ግራ እግር ደቀቀ። ሰባት ወር አልጋ ላይ።
ቀበቶ አላሰርኩም ነበር። በመስኮት ብቅ እያልኩ እልል ስል እንዳይዘኝ ብዬ።

እዚች ላይ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ሊያ እጇን አወጣች። «አንቲ፣ አንቺ ከጎኑ ሆነሽ ምን ትዪው ነበር?» አለች።

«ያው እንጨዋወት ነበር» አልኩ። መምህር ዳንኤል አመስግኖኝ ጸሎት ተደረገ።

ሰኞ፣ ጥር 15

ጠዋት ሊያ ጥርሷን እየቦረሸች «አንቲ፣ ሲሪየስሊ፣ የሆነ ነገር ስኪፕ አድርገሻል» ብላኝ ወጣች። እናቷን ቁርጥ። እህቴም እንዲሁ ወግታኝ ነው ውልቅ የምትለው።

እዚህ ደብተር ላይ እንኳ ጽፌው አላውቅም። ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ማታቱው አፍንጫውን ሲያስገባ ሳምሶን ሊያሳልፈው ነበር። እግሩን ከነዳጁ ላይ ሲያነሳ አይቻለሁ። ያኔ እኔ ጮህኩ። «አጀቡን እንዳታስቆርጥ! ወንድ አይደለህም እንዴ?» አልኩት። በዚህ ቃል። ሚዜዎቹ ሳቁ። እሱ ረገጠው።

አጀብ መሃል ሌላ መኪና ከገባ ለትዳሩ ገድ አይሆንም የሚለውን ወሬ ማን እንዳመጣው አላውቅም። አዲስ አበባ ሳለሁ ሰምቼው አላውቅም። እዚህ ናይሮቢ ያለን አበሾች ግን እንደ ሥርዓት ይዘነዋል። አሥር መኪና አፍንጫና ጭራ ገጥሞ ጡሩምባ እየነፋ ካልሄደ ሰርግ የተሠራ አይመስለንም። ማታቱ ደግሞ ክፍተት ካየ የሰርግ ነው የለቅሶ ነው ብሎ አይጠይቅም።

ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ሳምሶንን ረገመው። «ፍጥነት አሳብዶት ልጆቹን ሊጨርሳቸው ነበር» አሉ። ቃሌን የሰሙት ሚዜዎችም ውጭ አገር ሄዱ። እኔ ሆስፒታል ተኝቼ ብርቱካን ይዘው ሲመጡ እየሰማሁ ዝም አልኩ። መጀመሪያ አሞኝ ነበር። በኋላ ግን ተመችቶኝ ነው።

ሳምሶን መኪናውን ሸጠ። ከዚያ ወዲህ መሪ ነክቶ አያውቅም። ሰርግ ቢጠሩት ቀረ፣ በኋላ መጥራቱንም ተዉት። ኢምባካሲ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ካርጎ ነው የሚሠራው፣ በማታቱ ይመላለሳል። በዓል ሲሆን ደውሎ «እግርሽ እንዴት ነው?» ይለኛል። «ደህና ነው» እለዋለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሆድ ይፍጀው ብዬ ተቀምጫለሁ።

ረቡዕ፣ ጥር 17

ደግ ቀን ነበር፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት። ከፍ ያለችው ወንበሬ ተጠግና መጣች፣ ተቀምጬ ስሠራ ዳሌዬን አላመመኝም። ራሔል ለሙከራ ሹሩባ ተሠርታ በመስታወት አይታ ራሷን ወደደችው። ፀጉሯ ሐር ነው፣ ለእጅ ይመቻል።

እናቷ እትዬ ዘነበች አብረው መጥተው ስለ አጀቡ አወሩ። አሥራ አራት መኪና። ቪዲዮ አንሺው በመስኮት ወጥቶ ይቀርጻል። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «ብቻ እንደዚያ እንደ ሳምሶን ያለ እብድ እንዳይገባብን።»

ማበጠሪያው እጄ ላይ ቀረ። «እትዬ ዘነበች፣ እንደሱ አይበሉ» ማለት ስንት ቃል ነው? አራት። አላልኩም። ራሔል በመስታወት ውስጥ አየችኝ፣ እኔ ሹሩባዋን አየሁ።

አፈርኩ። ለልጆች ስለ ጥንቃቄ ሰባኪ ሆኜ፣ የሰው ስም እፊቴ ሲረገጥ ቆሜ አያለሁ።

ማታ ለሳምሶን መልእክት ላክኩ። «ነገ ምሳ ሰዓት ብመጣ ትገኛለህ?» ወዲያው መለሰ። «ምነው? እግርሽን አመመሽ?» ይኸው፣ መጀመሪያ የመጣለት እግሬ ነው።

ሐሙስ፣ ጥር 18

ሄድኩ። ሁለት ማታቱ፣ ከዚያ በአቧራ ውስጥ በከዘራ። መጋዘኖቹ አጠገብ ያለች ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሻይና ቻፓቲ ቂጣ አዘዘልኝ። ከሳ ብሏል፣ ሽበት ጀምሮታል። በየደቂቃው አውሮፕላን ያልፋል፣ አንዱ ሲያልፍ ወሬ እናቆማለን።

ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ነገርኩት። እግርህን ስታነሳ አይቻለሁ፣ ያስረገጥኩህ እኔ ነኝ፣ ሲሰድቡህ ዝም ብያለሁ፣ እሑድም ለልጆች ስናገር አንተን አንስቼ ራሴን ዘለልኩ። ይህን ስናገር አንድም አውሮፕላን አላለፈም።

ሳምሶን ሻዩን አማሰለ። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል። «የረገጠው የእኔ እግር ነው። ያንቺ አፍ ነዳጅ የለውም» አለኝ። ሳቄ መጣ። ከዚያ ማንኪያውን አስቀመጠና «ግን አንድ ቀን ትናገሪያለሽ ብዬ እጠብቅ ነበር» አለ።

አለቀስኩ። ሰው እያየኝ፣ በቻፓቲው ላይ። ለምን አንተ አልተናገርክም ስለው «ሆስፒታል ተኝተሽ፣ እሷ ናት ልበል?» አለኝ።

ቅዳሜ ለልጆቹ ልነግራቸው እፈልጋለሁ፣ ትፈቅድልኛለህ አልኩት። ትከሻውን ሰበቀ። አብረህ ና አልኩት። «አይ፣ እሱን ተዪኝ» አለ። አልለመንኩትም። ማታቱው ድረስ ግን ከዘራዬን ይዞ ሸኘኝ።

ቅዳሜ፣ ጥር 20

ነገርኳቸው። ሙሉውን፣ ቃሉን ሳላለሳልስ። «ወንድ አይደለህም እንዴ» ስል ወንዶቹ አቀርቅረው ሴቶቹ ተያዩ። ቀን ተቀን የሚባባሉት ነገር መሆኑ ገባኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ እኔ ያወጣሁትን ሳምሶን ከነመኪናው ተከተለው አልኳቸው። ማንም አላጨበጨበም። ባለፈው እሑድ ያጨበጨቡልኝን መልሼ ልሰጣቸው ምንም አልቀረኝ።

ከዚያ ሳምሶን ገባ። አይመጣም ብዬ ቁርጤን አውቄ ነበር። የሥራ ልብሱን እንደለበሰ በሩ ላይ ቆሟል። አንዱ ልጅ «አንክል፣ እሷ ባትል ኖሮ ታሳልፈው ነበር?» አለው። ሳምሶን «አሳልፈው ነበር። ግን እሷም ብትል ማሳለፍ ነበረብኝ» አለ። ያችን ብቻ ተናግሮ ተቀመጠ። እኔ ሁለት ቀን ሙሉ ከለፈለፍኩት ይህች በለጠች።

ልጆቹ ራሳቸው ተነጋግረው የወሰኑት፦

ሰልፍ የለም። ሁሉም መንገዱን ያውቃል፣ ሁሉም በራሱ ጊዜ ይደርሳል።
ቀበቶ ሳይታሰር መኪና አይነሳም። እልልታ አዳራሽ ሲደርሱ።
ቪዲዮ አንሺው ከእግረኛ ድልድይ ላይ ይቅረጽ።
ከሹፌር ጎን የተቀመጠ ሰው «ቀስ በል» ከማለት በቀር ምንም አይልም። (የሊያ ሐሳብ። ስትናገር ወደ እኔ እያየች ነው።)

ለእትዬ ዘነበች የመንገሩ ዕዳ የእኔ ሆነ። ደወልኩላቸው። ስለ አጀቡ ተቆጡ። ስለ ሳምሶን ስነግራቸው ግን ቁጣቸውን ትተው «ታዲያ ልጁን ጥሩልኝ እንጂ» አሉ። ሕፃን ይመስል። አርባ ሊሞላው ነው።

እሑድ፣ ጥር 21

እግሬ እንደ ከበሮ አብጧል፣ ውሃ ውስጥ ነክሬ ነው የምጽፈው። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሬ አምስት ሴት ሠርቻለሁ። ራሔል አምሮባት ነበር።

ሊያ ነዳች፣ እኔ ከጎኗ። በእኛና በሙሽራዋ መሃል ሁለት ማታቱ ገባ። የአንዱ ረዳት የሙሽራዋን መኪና ሲያይ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ማጨብጨብ ጀመረ፣ ሹፌሩም ጡሩምባውን ለቀቀው። እስከ አደባባዩ አጀቡን። አሥራ አንደኛ ደረስን፣ እትዬ ዘነበች እየተነጫነጩ ሳሙን።

ሳምሶን መጣ፣ በሱፍ። አንዳንዱ ሰው ራቅ ብሎ አየው። እትዬ ዘነበች ግን እጁን ይዘው ወስደው ከሽማግሌዎቹ ጎን አስቀመጡት። ከእሳቸው በኋላ ሌላ ሰው ምን ይላል?

አመሻሽ ላይ እግሬን ላሳርፍ መኪና ማቆሚያው ጋ ወጣሁ። ሳምሶንም ወጥቶ ነበር። የአንድ ቤተሰብ መኪና ከሊያ መኪና ኋላ ታግቷል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ ሊያ ደግሞ እስክስታ ላይ ናት። ቁልፉ እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው። እኔ በዚህ እግሬ አልነዳም። ሰውየው ሳምሶንን አየው። ሳምሶን እኔን አየኝ።

ቁልፉን ሰጠሁት። ልጠራት እችል ነበር። ሰጠሁት።

ገባ። እኔም ከጎኑ ገባሁ። ቀበቶውን አሰረ፣ ለሃያ ሜትር። ሞተሩን አላስነሳም። ለካ የእኔን እየጠበቀ ነው፣ አሰርኩ። ከኋላችን አንዱ ጡሩምባ ነፋ። «ቶሎ በል» የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ፣ እግዜር ያውቃል፣ ዋጥኩት። ቀስ ብሎ አወጣው፣ ሰውየው አለፈ፣ ቀስ ብሎ መለሰው። አጥፍቶ ወደ እኔ ዞረና «ምነው ዛሬ ዝም አልሽ?» አለኝ።

«እየነዳህ ነበራ» አልኩት።

ቁልፉን መለሰልኝ፣ በላብ ርሷል። ሌላ ጊዜ ይነዳ እንደሆነ አላውቅም፣ አልጠየቅሁትም። ወደ አዳራሹ ስንመለስ ግን እሱ ቀድሞኝ ገባ።