የሊን አትክልት ሥፍራን የድንጋይ ተራራ ሲንከባከቡ የኖሩትን አቶ ጀማነህ ዓባይነህን ስለማጣታችን

የሊን አትክልት ሥፍራ ኢትዮጵያውያን ወዳጆች ማኅበር መሥራች አባልና የድንጋይ ባለሙያ የነበሩት አቶ ጀማነህ ዓባይነህ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ባለፈው ማክሰኞ በተወለዱ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተውናል። ማኅበሩ እጅግ አዝኗል። ሐዘናችን ከጸጸት ጋር የተቀላቀለ በመሆኑም ይህ መግለጫ እንደተለመደው በምስጋና ብቻ ሊያልቅ አልቻለም።

አቶ ጀማነህ በወጣትነታቸው ለምህንድስና ትምህርት ወደ ቻይና ተልከው ሳለ፣ በሱዡ ከተማ በአንድ ጥንታዊ የግል አትክልት ሥፍራ እድሳት ላይ በተለማማጅነት ሠርተዋል። ድንጋይን በድንጋይ ላይ እያነባበሩ በግቢ ውስጥ ተራራና ዋሻ የማቆምን ጥበብ የተማሩት እዚያ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1998 ወደ ኮለምበስ መጥተው ኑሯቸውን ሚነርቫ ፓርክ በተባለው ሠፈር መሠረቱ።

በ2004 ዌስተርቪል የሚገኘው የሊን ቤተሰብ የግል አትክልት ሥፍራ ዋና ተንከባካቢ አድርጎ ቀጠራቸው። ቤተሰቡ ከሦስት ትውልድ በፊት ከቻይና በመርከብ ባስመጣቸው የሐይቅ ድንጋዮች የቆመው ተራራ ያኔ ዘሞ ነበር። ሦስት ዓመት ፈጅተው አቃኑት።

በ2009 ቤተሰቡን አስፈቅደው ግቢውን ለማኅበረሰባችን አስከፈቱ። ብዙዎቹ ልጆቻችን የሠርግ ፎቶ የተነሡት በዚያ ተራራ ሥር ነው። ይህ ማኅበርም የተቋቋመው ከዚያ በኋላ ነው።

በ2017 ከትንሣኤ በኋላ በነበረው ቅዳሜ፣ አቶ ጀማነህ ለእህታቸው ለቅሶ ዳላስ ሄደው ሳለ፣ ማኅበሩ የጽዳት ዘመቻ ጠራ። አባሎቻችን ቤት ያላቸው፣ ጣሪያና ምድር ቤት ሲያፈስ ያዩ ሰዎች ናቸው። ድንጋዮቹ ተቦርቡረው ሲያገኟቸው የተበላሹ መሰላቸው፤ ሲሚንቶ አቡክተው ቀዳዳዎቹን አንድ ሳያስቀሩ ደፈኑ። ቀዳዳዎቹ ውኃ ለዘመናት የፈለፈላቸው፣ ብርሃንና ዝናብ የሚያልፍባቸው፣ የድንጋዮቹ ዋና ክብር መሆናቸውን ጠይቆ የተረዳ አልነበረም። ቃለ ጉባኤያችን «ጥገናው በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል» ይላል። የምስክር ወረቀትም ተሰጣጥተናል።

አቶ ጀማነህ ሰኞ ተመልሰው ተራራውን ካዩ በኋላ ለሊቀ መንበራችን ለአቶ ግርማቸው የተናገሩት ይህን ብቻ ነበር፦ «ኦነሮቹ እናንተ መሆናችሁን ካወቁ ግቢውን ክሎዝ ያደርጉብናል። ሱፐርቫይዘሩ እኔ ነኝ፤ እኔ ሃንድል አደርገዋለሁ።» ለሊን ቤተሰብም «ያጠፋሁት እኔ ነኝ» ብለው ተናገሩ። ቤተሰቡም ከሥራ አሰናበታቸው። ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው እውነቱን እያወቀ ዝም አለ። ግቢው አልተዘጋም፤ እኛም የሠርግ ፎቶ መነሣታችንን ቀጠልን።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ስምንት ዓመታት፣ በረዶ ካልከለከላቸው በቀር፣ በቤተሰቡ ፈቃድ ቅዳሜ ቅዳሜ ያለ ደመወዝ እየመጡ ሲሚንቶውን በትንሽ መሮ ሲፈለፍሉ ኖሩ። ድንጋዩ እንዳይሰነጠቅ በአንድ ቀን ከአንድ ጣት ስፋት በላይ አይነኩም ነበር። እስካለፈው መስከረም ድረስ ከአንድ ድንጋይ በቀር የሁሉንም ቀዳዳዎች ከፍተዋል። መሰላል መውጣት ስላቃታቸው የጫፉ ድንጋይ ብቻ እንደተደፈነ ቀርቷል።

ማኅበሩ ትናንት እውነቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ለሊን ቤተሰብ በእጅ አድርሷል። ግቢው ቢዘጋብን ቅሬታ አናቀርብም። ይህ ቃል አቶ ጀማነህ በሕይወት ሳሉ መውጣት ነበረበት። ፈርተን አላወጣነውም፤ ለዚህም ማሳበቢያ የለንም።

ለባለቤታቸው ለወይዘሮ እፀገነት፣ ለቤተዘመዶቻቸውና አብረዋቸው ለሠሩ ሁሉ መጽናናትን ይስጥልን።

ልጃቸው ሰምሀል ሐሙስ ዕለት ለቅሶ ቤት ውስጥ «ዳድ እነዚያን ስቶኖች ለምን ሩይን እንዳደረጋቸው አንድም ቀን ኤክስፕሌን አላደረገልኝም» ስትል፣ አጠገቧ የተቀመጥን የኮሚቴ አባላት መልስ ሳንሰጥ ወጥተናል። ሰምሀል፣ አባትሽ አንድም ድንጋይ አላበላሹም። ያበላሸነው እኛ ነን።