ከተቆረጠው ጋዜጣ የወጣው ዝሆን

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

እንደምን ከረሙልኝ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ዛሬም የስፌት መኪናውን እየረገጡ ምንም አላመመኝም ይላሉ? የእማዬስ ደም ግፊት ወረደላት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ወፍሬያለሁ። ይህን የምታነቢላቸው ታናሽ እህቴ፣ አደራሽን አንድ መስመር ሳትዘልዪ፣ አንድ ቃል ሳትጨምሪ አንብቢ። ጨምሮ ማንበብ የሚያመጣውን ጣጣ አሁን ትሰሚያለሽ።

አባባ፣ የምስራች አለኝ፤ ከኋላው ደግሞ ኑዛዜ አለ። ከሆቴሉ ዕቃ አጣቢነት በገዛ ፈቃዴ ወጣሁ፤ ሳህኖቹም በእጄ እያለቁ ነበር። ከዚያ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሳሽግ ቆይቼ፣ አሁን አውቶቡስ ጣቢያ የጠፉ ዕቃዎች ክፍል ነኝ። ሥራዬ ተሳፋሪ ረስቶት የወረደውን መዝገብ ላይ ማስፈር ነው። «አንድ ጥቁር ጃንጥላ» ብዬ ማለፍ ሲገባኝ እጄ አላርፍ አለና «ባለቤቱ ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ የወጣ ይመስላል» ብዬ ጨመርኩበት። አንዱ ተሳፋሪ ለረሳው ሰው ሠራሽ ጥርስማ አንድ ሙሉ ገጽ ፈጀሁ።

አለቃዬ መዝገቡን ሲያገላብጥ ፊቱ በርበሬ መሰለ። «አንቺ ልጅ፣ የተቀጠርሽው ልትመዘግቢ ነው ወይስ ሰው ልታሚ?» አለኝ። ተባረርኩ ብዬ ቦርሳዬን ሳነሳ፣ መዝገቡን ለሚስቱ ሊያሳያት ይዞት ሄደ። ሚስቱ መጽሐፍ አሳታሚ ቤት ውስጥ አራሚ ናት። በሳምንቱ ሌላም ካለሽ አምጪ ብላ ላከችብኝ፤ ማታ ማታ የጻፍኳቸውን ታሪኮች ወሰድኩላት። እንግዲህ ልጅዎ መጽሐፍ ልታሳትም ነው! አለቃዬ ግን ጃንጥላውን እንደገና አስመዝግቦኛል።

ኑዛዜው ይኸውልዎ። ልጅ ሳለሁ፣ እርስዎ ፊደል ስላልቆጠሩ፣ ሲሰፉ ጋዜጣ የማነብልዎት እኔ ነበርኩ። ጋዜጣው ታዲያ እኔ እጅ የሚገባው የልብስ ልክ ከቆረጡበት በኋላ ነው። አንዱ ገጽ በእጅጌ፣ ሌላው በኮሌታ ቅርጽ ተቦድሶ ወሬው መሃል ላይ ጥፍት ይላል። «ቀጥይ እንጂ!» ሲሉኝ ምን ላድርግ? ከራሴ ሞላሁበት። ያ ፍርድ ቤት ቀርቦ የመሰከረው ዝሆን ጋዜጣው ላይ አልነበረም። እጅጌ የተቆረጠበት ቦታ ላይ እኔ ነኝ የፈጠርኩት።

እርስዎ ግን ለጎረቤታችን ለአናጢው ነገሩት። እሱም «ዝሆን በየትኛው አፉ ነው የሚመሰክረው?» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። «ልጄ ዋሽታ አታውቅም!» ብለው ደም ፍላትዎ መጣ። ይኸው በአንድ አጥር እየኖራችሁ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሰላምታ የላችሁም። ያን ዕለት ቁጣዎን ፈርቼ እውነቱን ደበቅኩ፤ ከዚያ በኋላም ነገ እነግርዎታለሁ እያልኩ ዓመታቱ አለፉ።

ይህ የዝሆኑ ታሪክ በመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ገብቷል። ሰው ሳያነበው ከእኔ ይስሙት ብዬ ነው። አታሳትሚው ካሉኝ አወጣዋለሁ፤ እሱስ ቀላል ነው። እንቅልፍ የነሳኝ ሁለት ወዳጆች ማጣላቴ ነው። አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ።

እማዬን እቅፍ አድርጋችሁ ሳሙልኝ። ታላቅ ወንድሜን፣ ደብዳቤ መጻፍ እጅ አይቆርጥም በሉልኝ። አንባቢዋ እህቴ፣ ሳትቀባጥሪ እዚህ ከደረስሽ ጉንጮችሽን ስሜያለሁ። ለአናጢውም ሰላምታዬ ይድረሰው። ይህን ግን በሰው እንዳይልኩት፣ በሞቴ። እርስዎ ራስዎ በሩን አንኳኩተው «ልጄ ዋሽታኝ ነው፤ ልክ የነበርከው አንተ ነህ» ብለው ያድርሱልኝ።

ልጅዎ
ከአውቶቡስ ጣቢያው፣ የጠፉ ዕቃዎች ክፍል
ሚያዝያ ፱ ቀን