ዘጠኝ ሆና የተገኘችው ሴትዮ

ለአረጋውያን መጦሪያ ቤቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋናና ጥቂት ጥርጣሬ ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ለእርስዎና ለመላው ሠራተኞችዎ ጤናና ዕድሜ እመኛለሁ፤ ዕድሜውን አጥብቄ የምመኝልዎ፣ አርጅተው በሚያስተዳድሩት ቤት የመጦር ዕድል እንዲገጥምዎ ከልቤ ስለምሻ ነው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ለፊልም ሠሪዎች አልባሳት ስሰፋ ከርሜ፣ ባለፈው ዓመት በአንድ ፊልም የመጦሪያ ቤት እንግዳ ተቀባይ ሆና ልትጫወት የተቀጠረችው ተዋናይት ታማ ስትቀር፣ የገጸ ባሕርይዋ አረንጓዴ ሹራብ ለእኔ ልክ ሆኖ ስለተገኘ ብቻ ካሜራ ፊት የቆምኩ ሰው ነኝ። እርስዎ ፊልሙን በጥሞና እንዳዩት፣ የእኔ ትዕይንት ተቆርጦ እንዲወጣ ለሲኒማ ቤቱ ከጻፉት ባለ አራት ገጽ አቤቱታ ተረድቻለሁ። ይህ ደብዳቤ የሚወጣበትን ጋዜጣ ለሚያነቡና ፊልሙን ላላዩት ግን ባጭሩ ላስረዳ።

ፊልሙ አስፈሪ ፊልም ነው። ቤታቸውን አስረክበው ወደ አንድ መጦሪያ የገቡ አዛውንቶች ድምፃቸው ቀስ በቀስ እየጠፋ ይሄዳል፣ የጠፋው ድምፅም ከሠራተኞቹ ጉሮሮ መውጣት ይጀምራል። መሪዋ ተዋናይት ትጮኻለች፣ ትሮጣለች፣ መስኮት ትሰብራለች፤ ምድር ቤት ውስጥም ሦስት ሰው ተጋግዞ የሚያንቀሳቅሰው የላስቲክ ጭራቅ አለ። እኔ ረዳት ተዋናይ ስለሆንኩ በጠቅላላው የምታየው አራት ደቂቃ ነው። ጠያቂ ዘመድ አንዱን ሽማግሌ ውሃ ጠምቷቸው እንደሆነ ሲጠይቃቸው፣ እኔ ፈገግ ብዬ እንዳልጠማቸው እመልስላቸዋለሁ፤ ከዚያም ብርጭቆውን በአንድ ጣቴ ከእጃቸው ሁለት ስንዝር ያህል አራቅ አደርገውና፣ እኛ እያለን እሳቸው ለምን ይድከሙ ብዬ ፎጣዬን ይዤ እወጣለሁ። ሲኒማ ቤት ውስጥ ጭራቁ ሲመጣ ሰው ይስቃል። ብርጭቆው ሲንቀሳቀስ ግን ከጎኔ የነበሩ ሴትዮ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙ።

እንዲህ ባሉ ፊልሞች የሚያስፈራው ጭራቁ አይደለም፤ ጭራቅ ቤቱ ያለው ሰው የለም። የሚያስፈራው ትሪ ይዞ የሚገባው፣ በሩን በትሕትና የሚከፍተው፣ ራሱን እየነቀነቀ የሚያዳምጠው ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ? ይህንን ለእርስዎ ማስረዳቴ ለቀባሪ አረዱት እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ፤ ስለዚህ ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

አንደኛ፤ ከአቤቱታዎ ጋር ዘጠኝ ሠራተኞችዎ፣ ገጸ ባሕርይዋ እኔው ራሴ ነኝ፣ ስሜ ጠፍቷል ብለው እያንዳንዳቸው መፈረማቸውን ሳይ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። አራት ነርሶች፣ ሁለት የልብስ አጣቢዎች፣ መድኃኒት አዳይዋ፣ የወጥ ቤት ኃላፊዋ፣ ባለ ሙሉ ጺሙ ዘበኛ ሳይቀሩ አረንጓዴ ሹራብ በለበሰችው ሴትዮ ውስጥ ራሳቸውን አይተዋል። ለአንዲት ጀማሪ ተዋናይት ከዚህ የበለጠ ሽልማት የለም። ፊልሙ የማንንም ተቋም ስም አልጠራም፤ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የተባለው እንዲህ ላለው ቀን ሳይሆን አይቀርም።

ሁለተኛ፤ እኛ እያለን እሳቸው ለምን ይድከሙ የሚለውን አባባል ያለፈቃድ ወስደናል ብለው ከሰውናል። ክቡር ሆይ፣ ይህን ዓረፍተ ነገር ደራሲው የቀረጻው ዕለት ጠዋት ዳቦ እየገመጠ ከራሱ ፈጥሮ የጫማ ካርቶን ክዳን ላይ ሲጽፈው በዓይኔ አይቻለሁ። እርስዎ ግን በተቋሙ ለውስጥ አገልግሎት ብቻ የሚውል አነጋገር መሆኑን በማኅተም አረጋግጠውልናል። ደራሲው ጭካኔውን ያበዛሁት መስሎኝ እጨነቅ ነበር ብሎኛል፤ ከጭንቀት ስላሳረፉት እሱም ያመሰግናል።

ሦስተኛ፤ ብርጭቆ ማራቅ ጭካኔ ሳይሆን፣ የአንሶላ ንጽሕናን ለመጠበቅ ከቀትር በኋላ የሚፈጸምና በመመሪያችሁ አንቀጽ ዐሥራ ሁለት የተደነገገ አሠራር እንደሆነ ጽፈዋል። ስለ ግልጽነትዎ እጅ ነሥቻለሁ። እዚህ ላይ አንባቢ ማወቅ ያለበት ነገር አለ፤ ያሳደገችኝ አክስቴ፣ የእናቴ ታላቅ እህት፣ ካለፈው ዓመት ጀምሮ በእርስዎ ቤት ትጦራለች። አንድ ቀን ከሰዓት ልጠይቃት ሄጄ ያመጣሁላትን ውሃ በአንድ ትንፋሽ ጠጥታ ደግማ እንድቀዳላት ብርጭቆውን ስትዘረጋ፣ ነርሷ ዘመድ ሲያዩ ይጠማቸዋል ብላ ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅኩ። አቤቱታዎን ካነበብኩ ወዲህ ውሃ በቀዳሁ ቁጥር ያ ሳቅ ይሰማኛል።

ገጸ ባሕርይዋን ከሠራተኞችዎ ሰልላ ነው የወሰደችው ላሉት ግን እውነቱን ልናገር። የወሰድኳት ከራሴ ነው። አክስቴን ቤቴ አራት ዓመት ሳስታምም ሐኪም የት እንደሚያማት ሲጠይቃት የምመልሰው እኔ ነበርኩ፤ ጎረቤት እንዴት አደሩ ሲላት ደህና ነች የምለው እኔ ነበርኩ። አንሶላ ማጠብ ሲሰለቸኝና የሰው ልብስ ይዞ የሚጠብቀኝ የስፌት መኪናዬ ሲያስቸኩለኝ ብርጭቆዋንም አርቄያለሁ። በልምምዱ ላይ አዘጋጁ ብርጭቆውን ተይው፣ ፈገግታው ይበቃል ብሎኝ ነበር፤ እጄ ግን የለመደውን ሠራ። አፈርኩ። አክስቴን ወደ እናንተ ያመጣኋት ሙያው ያላቸው ሰዎች ከእኔ ይሻሏታል ብዬ ነበር። እኔ በድካም ያደረግሁትንና እስካሁን የማፍርበትን ነገር እናንተ አንቀጽ ሰጥታችሁታል።

አራተኛ፤ ፊቴ አረጋውያኑን ያስደነግጣል በሚል ምክንያት አክስቴን እንዳልጠይቅ ከታገድኩ አምስት ሳምንት ሆነኝ። ስደውል የምታነሣው እንግዳ ተቀባይዋ ናት። አክስቴ በልታለች፣ ተኝታለች፣ እኔም አልናፈቅኋትም፤ መልሷ ይኸው ነው። ድምፅዋን ብቻ አሰሙኝ ስል ለምን እናድክማቸው ትለኛለች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና ባለፈው ሰኞ አንድ ነገር ሞከርኩ፤ ያ የሚያማት ጥርሷ ተሻላት ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ አልኳት። ስልኩን ከጆሮዋ እንኳ ሳታነሣ፣ ትንሽ ተሽሏቸዋል፣ እሳቸውም ሰላም ብለውሻል አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ አክስቴ አንድም ጥርስ ከሌላት ስድስት ዓመቷ ነው።

እንግዲህ ልመናዬ ትንሽ ናት። ትዕይንቴ ይቆረጥላችሁ፣ ሹራቡንም በስጦታ ልላክላችሁ፣ ዘጠኙም ባለመብቶች በየተራ ይልበሱት። በምትኩ በመጪው ረቡዕ በጠያቂ ሰዓት አክስቴ ፊት ለፊት ተቀምጬ አንዲት ጥያቄ ልጠይቃት፤ ከእኔ ጋር ወደ ቤት ትመለሺያለሽ ወይ ብዬ። እሺም እንቢም ብትለኝ የራሷ አፍ ይመልስልኝ። ዝም ብትል እንኳ ዝምታዋን ማንም አይተርጉምልኝ። ይህንን ለራሴም ቃል ገብቻለሁ።

ከቀትር በኋላም ውሃ ለማይነፈጉት ለእርስዎና ለጠረጴዛዎ ብርጭቆ መልካሙን ሁሉ እየተመኘሁ፣ ለአራት ደቂቃ ሥራዬ አራት ገጽ ሂስ በመጻፍ ያሳዩኝን አክብሮት መቼም የማልዘነጋው፣

ታዛዥዎ
ልብስ ሰፊዋ

ግልባጭ፦
ለዘጠኙም እኔ ነኝ ባዮች

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ለጋዜጣው ልልክ ፖስታውን ካሸግሁ በኋላ መልሼ የከፈትኩት፣ ሾፌርዎ አሁን አንድ ካርቶን አስረክቦኝ ስለሄደ ነው። ውስጡ የአክስቴ ጫማ አለ። አውራ ጣቷ ስላበጠ የቀኙን ጎን በመቀሴ የቀደድኩላት እኔ ስለሆንኩ አልተሳሳትኩም፤ ሌላ ጫማም የላትም። ወዲያው ስደውል እንግዳ ተቀባይዋ አክስቴ እጅግ ደህና እንደሆነችና በዚያች ደቂቃ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለች እንደሆነ ነገረችኝ። ስለዚህ ረቡዕን አልጠብቅም። ጫማውን ይዤ ዛሬውኑ እመጣለሁ፤ እናንተ እግሯን አቅርቡልኝ።