በሰዓት እላፊ ከቤቷ ስለወጣችው እናቴ

ጉለሌ፣ ጥቅምት 1973 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ አድነው፣
የቀበሌያችን ሊቀመንበር፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝዎ እመኛለሁ፤ ትንሽ ቢያምዎት እንኳ ክሊኒክ ለመሄድ በር ላይ ያለውን ጥበቃ ማስፈቀድ ስለማያስፈልግዎ ብዙ አልጨነቅም። ባለፈው እሑድ በስብሰባው ላይ «ሂስ ያለው ይናገር፣ መናገር የፈራ ጽፎ ይለጥፍ» ስላሉንም ከልብ አመሰግናለሁ። እኔ ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ይጠፋል፤ የተማርኩትም እስከ ስድስተኛ ክፍል ብቻ ነው። ስለዚህ ጽፌ በአዳራሹ በር ላይ መለጠፉን መርጫለሁ።

እኔ ከአዲሱ ገበያ ወረድ ብሎ ባለው መንደር ጠላ የምትሸጠው የወይዘሮ ደሳለች ልጅ ነኝ። እናቴ ከጠላው ሌላ በምን እንደምታሳድገኝ ሰፈሩ ያውቃል፤ እርስዎም በስብሰባ ላይ ስሟን ጠርተው ስለተናገሩ፣ ያላወቀ ቢኖር አውቋል። ማክሰኞ ሌሊት አንድ ደንበኛ ደበደባት፤ ሸሽታ ስትወጣ አብዮት ጥበቃዎች ያዟት፤ ይኸው እስከ ዛሬ በቀበሌው እስር ቤት ናት። ሂሴን እንደሚከተለው በትሕትና አቀርባለሁ።

1. ሰዓት እላፊ ለደህንነታችን የታወጀ መሆኑን አስረድተውናል፤ አምነናል። ነገር ግን ሰዓቱ ከገባ በኋላ እንግዳ ወደ ቤቱ መመለስ ስለማይችል እስኪነጋ እኛው ዘንድ ያድራል፤ ክፉም ቢሆን ያድራል። ሰውየው ግንባሯን በጠርሙስ ሲመታት እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ። እናቴ ወደ ጎረቤታችን ወደ እትዬ ሀጂራ ቤት ሮጠች፤ በመካከላችን ያለው አንድ አጥር ነው። እሷ ከቤቷ ስለወጣች ሕግ ጣሰች፤ እሱ ከቤታችን ንቅንቅ ስላላለ ሕግ አከበረ። እኔ የጓዳውን በር በጌሾ ጆንያ ደግፌ ተቀምጬ አነጋሁ። እሱም ሲነጋ በእኛው ውኃ ፊቱን ታጥቦ ሄደ። ሕግ አክባሪነቱን ሳላደንቅ አላልፍም።

2. ሰውየውን ለመክሰስ ምስክር አምጪ ተብያለሁ። የእኔ ቃል፣ ልጇ ስለሆንኩ፣ አይቆጠርም። እትዬ ሀጂራ ጩኸቱን ሰምተው ደጅ ወጥተው አይተዋል፤ ሄጄ ብለምናቸው ግን «የኔ ልጅ፣ በዚያ ሰዓት ደጅ ሆኜ አየሁ ካልኩ እናትሽ ጎን ያስቀምጡኛል። ሱቄን ማን ይከፍታል፣ አንቺ ትከፍቻለሽ?» አሉኝ። ቀጥለው አለቀሱ። በእኛ ቀበሌ እንግዲህ ምስክር ለመሆን መጀመሪያ ጥፋተኛ መሆን ያስፈልጋል። ይህን የመሰለ ጥንቁቅ ፍርድ ሸንጎ ስላቋቋሙልን ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

3. ስለ ጤናችን ማሰብዎንም አልረሳሁም። እንደ እናቴ ያሉ ሴቶች በየወሩ እንዲመረመሩ አዘዋል። ተመረመረች፤ በሽታ ተገኘባት፤ ሐኪሙም መርፌውን በየቀኑ ሳታቋርጥ እንድትወጋ አዘዘ። ወደ እነሱ የሚመጡት ወንዶች ግን እንዲመረመሩ አልታዘዙም፤ በሽታው ከጠላው ጋር አብሮ የሚጠመቅ ሳይመስልዎ አልቀረም። ከታሰረች ጀምሮ መርፌው ቆሟል፤ የግንባሯም ቁስል ማመርቀዝ ጀምሯል። ይህን በር ላይ ላለው ጥበቃ ብነግረው «ሳትድን ብትወጣ በሽታውን ለሰው ታጋባለች» አለኝ። ክሊኒክ ካልሄደች አትድንም፤ ካልዳነች አትወጣም፤ ካልወጣች ክሊኒክ አትሄድም። ደጋግሜ አስቤው መውጫ አጣሁለት።

4. ይህ ሂስ ሳይሆን ጥያቄ ነው። ሲመሽ በራችንን የሚያንኳኩ አሉ። «ደሳለች ከሌለች ልጅቷ ትቅዳልን» ይላሉ። እኔ አግዳሚውን ወንበር በሩ ላይ ገፍቼ፣ መብራት አጥፍቼ፣ እንደሌለሁ ሆኜ እቀመጣለሁ። አንድ ቀን በሩ ቢሰበርና ሰዓቱም ገብቶ ቢሆን፣ ልውጣ ወይስ ልቀመጥ? ብወጣ የት እንደምገባ ከእናቴ ተምሬአለሁ። ብቀመጥ ስለሚሆነው ግን እስካሁን የተነበበልን መመሪያ የለም። እባክዎ አስቀድመው ይወስኑልኝ፤ በዚያን ጊዜ እቤትዎ ድረስ መጥቼ መጠየቅ ክልክል ነው።

የምለምነው እናቴ በቀን ብርሃን፣ ከፈለጉም በጥበቃ ታጅባ፣ ተወግታና ቁስሏ ታጥቦ እንድትመለስ ነው። እንድትመለስ አልኩ እንጂ ትፈታ አላልኩም፤ ብዙ መጠየቅ አልለመድኩም።

ሕግዎ እንዳይጣስ ስትል ከመሸ ደጅ የማትወጣ፣
ከነጋም ማን እንደሚመጣባት የማታውቅ
ታዛዥዎ፣
ንግሥት፣ የወይዘሮ ደሳለች ልጅ

ማሳሰቢያ፦ ያ ሰው ሲሄድ ካፖርቱን ረስቷል። የሰው ንብረት ደበቀች እንዳልባል አጥራችን ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ ባለቤቱ በቀን መጥቶ፣ ጎረቤት እያየ፣ መውሰድ ይችላል። እስካሁን የጠየቀ የለም። የጥቅምትን ብርድ ያውቁታል፤ ዛሬ ማለዳ ለእናቴ ቁርስ ሳደርስ በእስር ቤቱ በር ላይ በሸሚዝ ብቻ ሲንቀጠቀጥ ላገኘሁት ጥበቃዎ ካፖርት መኖሩን ቢነግሩልኝ ደስ ይለኛል። ልኩ ነው።